የአባታችን የጌጡ ጸሎት ቤት

ወይዘሮ ጥሩሸዋ ከዘመሮ ገበያ ስትመለስ ዳገቱ ወገብ ላይ የወንድሟን ልጅ የምሥራችን አገኘቻት። የምሥራች ተምራ የቀበሌው ጤና ሠራተኛ ከሆነች ወዲህ የውርጭ አምባ ሰው ሲያያት መንገድ ይለውጣል። ጥሩሸዋ ግን ለማንም መንገድ ለውጣ አታውቅም።

«እንዴት ዋሉ፣ እትዬ? ልጅዎ እታገኝ ወንድ ልጅ ተገላገለችልዎ። እንኳን ማርያም ማረችልዎ!»

«ማርያምስ ማረችልኝ፤ አንቺ ነሽ ያልማርሽኝ! ልጄ ‹በጎቹ ከቤት ካልወጡ ሕፃኑን ይዤ ደጃፍሽን አልረግጥም› ብላ ላከችብኝ። የልጅ ልጄን ዓይን ሳላይ ልሙት? ይህን ምክር ማን ሰጣት?»

«እኔ ነኝ» አለች የምሥራች አንገቷን ደፍታ። «ጨቅላ ነው፣ እትዬ። የበጎቹ ሽንት፣ ፍጉ፣ ቁንጫው…»

«ቁንጫስ ቢሆን የአገሩ ተወላጅ አይደለም?»

የውርጭ አምባን ታሪክ ያላወቀ ይህን ክርክር አይፈርድም። አምባውን ያቀናው ጌጡ የሚባል ሰው ነው። በአንድ ክፉ ክረምት ማገዶ ቢያልቅበት በጎቹ መካከል ተጋድሞ ነፍሱን አተረፈ ይባላል። ከዚያ ወዲህ በግን ከቤት ማስወጣት አባትን ማስወጣት ሆኖ ቀረ። እንግዳ ሲመጣ እንኳ ሙክቱ ከመደቡ አጠገብ አይነሣም፤ እንግዳው ነው ጠጋ የሚለው።

«ጌጡን ያሞቀ በግ እኔን ሊያሳምመኝ ነው?» አለች ጥሩሸዋ። «ነይ፣ የጌጡን ቤት ፍርስራሽ ላሳይሽ። አይተሽ አፍሽን ያዢ!»

ጉብታው ላይ ሁለት የድንጋይ ካብ አለ። ትልቁ ጥላሸት የጠጣ የምድጃ ድንጋይ አለው። ትንሹን ጥሩሸዋ ነጠላዋን አጣፍታ ተሳለመችው።

«ይህ አባታችን ለብቻው የሚጸልይበት ነው።»

«በሩ ከጭኔ አያልፍም። በምን ይገቡ ነበር?»

«በትሕትና ነዋ! እየዳኸ!»

«ይህስ የተቦረቦረ ድንጋይ?»

«የጠበል ማስቀመጫ።»

«መሬት ላይ? እንደ ገንዳ?»

ጥሩሸዋ ተናደደች። አገባቡን ላሳይሽ ብላ በአራት እግሯ ገባች። ውስጥ ግን ግድግዳውን በእጇ ዳሰሰች። የግድግዳው ድንጋይ ከታች ታሽቶ፣ ቅባት ጠጥቶ ያብለጨልጫል፤ ከላይ ሻካራ ነው። ልክ እንደ ራሷ ቤት፣ በጎቹ ጎናቸውን እንደሚያሹበት ግድግዳ!

«ጎትቺኝ» አለች ወገቧ በሩ ላይ ተቀርቅሮ። ስትወጣ ፊቷ ቀልቷል። «በረት ነው! ቅድመ አያቶቼ የበግ በረት ሲሳለሙ ኖረው አለፉ!»

የምሥራች ሳቋን ዋጠች። «አባታችን ብልህ ነበሩ፣ እትዬ። ክፉው ቀን ሲያልፍ ለራሳቸው ቤት፣ ለበጎቹ በረት ሠሩ። እኛ ክፉ ቀናቸውን ወርሰን ደጉን ረሳነው።»

«ብርዱስ?»

«በጎቹ ፀጉር ለብሰዋል፤ የልጅ ልጅዎ ግን ራቁቱን ነው የተወለደው። የበረቱን ካብ ጥሩ አድርገው ይካቡ፣ በጓሳ ሣር ይክደኑት።»

«ሙክቱ ይቀየመኛል።»

«ይቀየም፤ ለፋሲካ ይታረቃሉ።»

ጥሩሸዋ ሳትወድ ሳቀች። በረቱም ተሠራ። ሰዉ «አባታችንን ከቤት አስወጣችው» ብሎ ሲያማት፣ ክንዱን እየያዘች ጉብታው ላይ ወስዳ ታስድኸዋለች፤ እየዳኸ የወጣ ሁሉ በማግስቱ ለራሱ በረት ድንጋይ ሲያግዝ ይታያል። አሁን ቤቱ ለሰው ሰፋ፤ የልጆች ሳል ቀነሰ፤ ፍጉ አንድ ቦታ ተጠራቅሞ ለገብሱ ማሳ ተረፈ። እታገኝም ሕፃኑን ይዛ መጣች፤ ሙክቱ ደጅ ሆኖ ቀኑን ሙሉ ሲከስ ዋለ።

ጥሩሸዋ ግን በዚያ ባለፈች ቁጥር ዛሬም ትንሹን ካብ ትሳለማለች።

«አሁንም፣ እትዬ?» አለቻት የምሥራች።

«ዝም በይ! የምሳለመው በጎቹን መጀመሪያ ያስወጣውን ሰውዬ ነው።»