ኪስ ውስጥ የሚውል ጥርስ

ልብስ ሰፊው አቶ ጃለታ ዝናብ ቢያባርራቸው አዲሱ ገበያ ካለች አንዲት ምግብ ቤት ገቡ። ክፍት ወንበር የተገኘው ከጎረቤታቸው ልጅ ከሃዊ ፊት ለፊት ብቻ ነበር። ሃዊ የጥርስ ሕክምና ተማሪ ናት። ብድግ ብላ አስቀመጠቻቸው።

ጥብሱ ሲቀርብ አቶ ጃለታ ወደ ግድግዳው ዞር አሉና ሰው ሠራሽ የመንጋጋ ጥርሳቸውን አወለቁ። በመሐረብ ጠቅልለው ኮት ኪሳቸው ከተቱት። ከዚያ ሥጋውን በፊት ጥርሳቸው እንደ ጥንቸል ይቆረጣጥሙት ጀመር።

«አባባ፣ ለምን አወለቁት?»

«እንዳያልቅ ነዋ ልጄ! ውድ ዕቃ ነው። የማደርገው ለቀብርና ለሠርግ ነው።»

«ለለቅሶ ጥርስ አለዎት፣ ለጥብስ ግን የለዎትም?»

«አትሳለቂ! አባቴ ያለ መንጋጋ ሰማንያ ዓመቱን ደፍኗል። የፊቶቹስ ምን ሊሠሩ ተቀመጡ?»

የጎዳን ይኸው ነው! አካልን እያስራቡ ዕቃን ማሳረፍ ቁጠባ ተባለ። አዲስ ብርድ ልብስ ሳጥን ውስጥ ቆልፎ በእንጦጦ ብርድ የሚንቀጠቀጥ ሰው፣ ጥርሱን ኪሱ ቢያውል ምን ይገርማል?

ሃዊ ግን በትዕግሥት ጠየቀች። «አባባ፣ የካፖርት ጨርቅ በመቀስዎ ጫፍ ይቆርጣሉ?»

«ምን ቆርጦኝ! ወፍራም ጨርቅ ወደ ብሎኑ አስጠግተሽ ነው የምትቆርጪው። ጉልበቱ እዚያ ነው።»

«የመንጋጋዎ ብሎን ጆሮዎ ሥር ነው። የኋላ ጥርሶች ለእሱ ስለሚቀርቡ የፊቶቹን እጥፍና ከዚያም በላይ ኃይል አላቸው። እነሱ ሲጎድሉ ሸክሙ ሁሉ ጫፉ ላይ ይወድቃል።»

አቶ ጃለታ ማላመጣቸውን አቆሙ። ለማንም ያልነገሩት ጉድ ነበራቸው፤ አንዱ የፊት ጥርሳቸው ከገና ወዲህ ይነቃነቃል። ከፋሲካ በኋላ ደግሞ የልጅ ልጃቸውን የኢፍቱን ሠርግ የሚመርቁት እሳቸው ናቸው። ጥርሱ በምርቃቱ መካከል ሲወድቅ በሕልማቸው አይተዋል።

«ይሄ የኪሴ... እንደ ራሴ ጥርስ ይነክሳል?» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

«አልዋሽዎትም፣ ያንን ያህል አይነክስም። ግን ሸክሙን ይጋራል።»

«ድዴን ይቆረቁረኛል እኮ!»

«የሰፉለት ኮት ብብቱን ቢይዘው፣ ደንበኛዎ ቁም ሣጥን ውስጥ ይሰቅለዋል ወይስ ይመልስልዎታል?»

«ይመልሳል እንጂ! እኔ ለምን ተቀመጥኩ?» አሉና በራሳቸው ሳቁ።

በማግስቱ ጥርሱን ወደ ሠራላቸው ሐኪም ሄዱ። ቆርቋሪው ጠርዝ ተሞረደ፤ የተፈጥሮ ጥርሶቻቸውም ተጸዱ። ሃዊ እንደመከረቻቸው ከለስላሳ ምግብ ጀምረው በሁለቱም ጎን ማላመጥን ተለማመዱ፤ ሲተኙ ብቻ አውልቀው አጥበው ውሃ ውስጥ ያሳድሩታል። ምግቡ ሲደቅቅላቸው፣ ከበሉ በኋላ ያስቸግራቸው የነበረው የሆድ መነፋት ቀለለ። የፊት ጥርሳቸውም አርፎ መነቃነቁ ሳይብስ ቀረ።

በኢፍቱ ሠርግ ጥብሳቸውን ከሰው እኩል በልተው ተነሡ፤ ሙሽሮቹንም ቃል ሳይደናቀፍባቸው መረቁ። ከዚያ ሃዊን ወደ መካከል ጠሩ።

«ጥርሴን ለሰው ዓይን አስውቤ አፌን ስበድል ኖርኩ። ይህችን ምርቃት ለልጅ ልጄ ያደረስሽልኝ አንቺ ነሽ። ፈጣሪ ምክርሽን የሚሰማ ጆሮ አያሳጣሽ!»

«አሜን!» አለ ዳሱ።

አቶ ጃለታ ከኮት ኪሳቸው መሐረቡን አወጡ። ባዶውን ነበር። የጥብሱን ቅባት ከከንፈራቸው ጠረጉበት።