የሥሩን ዱቄት ሦስት ወር ስላጠጣሁበት ሁኔታ

ቃል ሰጪ፦ በሰፈር ስማቸው ጋሼ ወስፌ
ዕድሜ፦ 71 ሥራ፦ ጫማ ሰሪ
አድራሻ፦ ከልብስ ስፌቱ ጀርባ፣ ሰማያዊ በር ያለው ቤት
ቀንና ሰዓት፦ ኅዳር 9 ቀን፣ ከጠዋቱ 4፡20

ማንም ሳያስገድደኝ የማውቀውን ብቻ እናገራለሁ። ፊደል የቆጠርኩት በአርባ ዓመቴ፣ ያለ አስተማሪ ስለሆነ፣ ቃሌን ራሴ አንብቤ በእጄ እንደምፈርም ለመርማሪው አስታውቄያለሁ።

የታሰረችውን የባህል መድኃኒት ሻጭ አውቃታለሁ። በነሐሴ መጀመሪያ ለባለቤቴ ወገብ ሕመም የሥር ዱቄት ሸጣልኛለች። «በቀን አንድ ማንኪያ፣ ለአሥር ቀን ብቻ፤ ከዚያ ይቁም፣ ጋሼ» አለችኝ። ልጄ «ሦስት ወር ጠጡ ብላለች» ብሎ ያስመዘገበው ሐሰት ነው። ሦስት ወር ያጠጣኋት እኔ ነኝ።

በአሥረኛው ቀን ወገቧ ተሻላት። እኔ ግን ከዱቄቱ ገና ብዙ ስለተረፈ፣ ደረቅ ቆዳ የሚለሰልሰው ተዘፍዝፎ ሲቆይ ነው ብዬ ቀጠልኩ። በመስከረም «እግሬን ነዘረኝ»፣ ቀጥሎም «ደነዘዘኝ» ስትል፣ ሕመሙ እየወጣ ነው አልኳት። «እግሬም አብሮ እየወጣ ነው መሰል» ብላ ሳቀችብኝ። እንድታምነኝ እኔም አብሬያት ጠጣሁ።

ጥቅምት 28 ቀን ከቀኑ 9 ሰዓት ገደማ እኔ ሶል ስለጥፍ፣ እሷ እግሯን ወደ ምድጃው ዘርግታ ሹራብ ትሠራ ነበር። የሚቃጠል ነገር ሸተተኝ። «ሙጫህ ይሆናላ፣ አንተ ሰውዬ» አለችኝ። ቀና ብል ካልሲዋ ይጨሳል፤ እሷ ግን ሹራቧን አላቆመችም። ሐኪሙ የእግሯ ነርቭ መጎዳቱን፣ ስኳር እንደሌለባት፣ ከዱቄቱ ሊሆን እንደሚችልና ገና እንደሚመረመር ነግሮኛል።

ዛሬ ጠዋት ልጄ በጣቢያው በር ላይ ክንዴን ይዞ፣ «አባባ፣ እርስዎን ከሚያስሩዎት ሻጯ እንደታሰረች ትቆይ፤ ዝም ይበሉ» አለኝ። «ዝም የምትለውስ አንተ ነህ፤ እናትህን በእጄ ነው ያጠጣሁት» አልኩት። ዱቄቱ ጎጂ ከሆነ ሻጯ ትጠየቅበት። የእኔን ጥፋት ግን በእሷ አላላክክም።

ከላይ የተጻፈውን ራሴ አንብቤ፣ የተጨመረም የተቀነሰም እንደሌለ አረጋግጫለሁ።

ተጨማሪ ቃል፦ ልፈርም እስክርቢቶ ቢሰጠኝ ሁለት ጊዜ ከጣቴ ወደቀ። መርማሪው ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ ጠየቀኝ። ከመስከረም ጀምሮ ስሰፋ ወስፌው ጣቴን ሲወጋኝ ደሙን አይቼ ነው የማውቀው። ለሐኪሙም ለባለቤቴም አልተናገርኩም። ያኔ ተናግሬ ቢሆን እሷ ታቆም ነበር።

የምስክሩ የአውራ ጣት አሻራ፦
የመርማሪው ፊርማ፦