ወረቀት የማያጥፉት አቶ ዓምደ ሚካኤል

አቶ ዓምደ ሚካኤል ሠላሳ አራት ዓመት በመዝገብ ቤት አገልግለው ጡረታ የወጡ የአዲስ አበባው ወሰን ሰፈር ነዋሪ ናቸው። በዚያ ሁሉ ዘመን ጥጉ የታጠፈ ወረቀት ፋይል ውስጥ አስገብተው አያውቁም። ደብዳቤውን አጣጥፎ የሚያመጣ ባለጉዳይ ሲገጥማቸው ወረቀቱን በመዳፋቸው፣ ሰውየውን በዓይናቸው ያቀኑ ነበር።

ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት እንጦጦ ማርያምን ተሳልመው ቁልቁል ሲወርዱ ጉልበታቸው ደከመና መንገድ ዳር ድንጋይ ላይ አረፍ አሉ። ወዲያው ከባሕር ዛፎቹ መካከል አንድ ነጭ ነገር መጥቶ ደረታቸውን መታና እግራቸው ሥር ወደቀ። ቢያነሡት የወረቀት አውሮፕላን ነው። ቀና ሲሉ መነጽር ያደረገች፣ ሠላሳ ዓመት የሚሆናት ሴት እየሮጠች መጣች።

"ይቅርታ አባቴ! መታዎ እንዴ?"

"ደኅና ነኝ። ልጅሽ የት አለች?"

"የምን ልጅ?"

"ይህን የወረወረችዋ።"

"እኔ ነኝ የወረወርኩት" አለች ሳቋን እየዋጠች። "ጫልቱ እባላለሁ፤ ካራ ሰፈር ሳይንስ አስተምራለሁ። ሰኞ ለተማሪዎቼ ከማሳየቴ በፊት ልሞክረው ብዬ ነው።"

አቶ ዓምደ ሚካኤል ግራ ገባቸው። ወረቀቱን አዩ፤ ሴትዮዋን አዩ። እየቀለደችባቸው ይሆን?

"እኔ ያልገባኝ ልጄ፣ ሰው ልጁን ትምህርት ቤት የሚልከው ከጨዋታ እንድትርቅ አይደለም ወይ? ወረቀት ይጻፍበታል እንጂ ይወረወራል?"

"ይኼ ተጽፎበት ያለቀ ነው፤ አምና የተፈተኑበት። ትምህርት አይደለም ያሉት ግን ለምንድን ነው?"

"ትምህርት ጥያቄና መልስ ነዋ! ይኼ ይበራል፣ ይወድቃል፣ አለቀ።"

"ለምን ይወድቃል?"

አቶ ዓምደ ሚካኤል አውሮፕላኑን አገላበጡት። ይህንኑ ጥያቄ ከሁለት ሳምንት በፊት የልጅ ልጃቸው ሀይማኖት ጠይቃቸው ነበር። የደብተሯን ቅጠል ገንጥላ አጥፋ ወረወረችና "አባባ፣ ለምን በአፍንጫው ይደፋል?" አለቻቸው። እሳቸው የመለሱት ወረቀቱን ቀዳደው በመጣል ነበር። ከዚያ ወዲህ ከቁርስ እስከ እራት "ለምን" ስትል ትውል የነበረችው የአሥር ዓመት ልጅ ከ"እሺ" በቀር ቃል አይወጣትም። መጀመሪያ ጨዋነት መስሏቸው ደስ ብሏቸው ነበር፤ ሲሰነብት ግን ቤቱ ጭር አለባቸው።

እየከበዳቸው ይህን ለጫልቱ ነገሯት። እሷም አልወቀሰቻቸውም፤ ከቦርሳዋ አንድ ወረቀት አውጥታ ሰጠቻቸው።

"እስቲ አንድ ይሥሩ።"

እያፈሩ፣ የእሷን አውሮፕላን እያዩ በርዝመቱ እኩል ለሁለት አጠፉት፤ መልሰው ዘረጉት። የላይኞቹን ሁለት ማዕዘኖች ወደ መካከለኛው መስመር አመጡ፤ ደግመው አጠፉ፤ በመጨረሻም ክንፎቹን ወደ ታች አወረዱ። እጥፋቱን ሁሉ በአውራ ጣታቸው ጥፍር ስለጫኑት እንደ ማስመሪያ ቀጥ አለ። ወረወሩት። በአፍንጫው ተደፋ።

"አየሽ!"

"አየሁ። ምን የሆነ ይመስልዎታል?"

"ነፋሱ ነዋ።"

ነፋሱ ጋብ እስኪል ጠበቁና ደገሙት። አሁንም ተደፋ።

"ታዲያ ምንድን ነው?"

"እርስዎ ይንገሩኝ።"

"አስተማሪዋ አንቺ!" አሉ ተቆጥተው።

"አንድ ነገር ብቻ ለውጠው ይሞክሩት። ሁለት ከለወጡ የትኛው እንደሠራ አያውቁም።"

አቶ ዓምደ ሚካኤል እያጉረመረሙ የክንፎቹን የኋላ ጠርዝ ወደ ላይ ቀና አደረጉ። አውሮፕላኑ ሽቅብ ወጣ፤ አየር ላይ ቆም አለና ወደቀ። ይባስ ግራ ገባቸው። ጠርዙን ትንሽ ዝቅ አድርገው እንደገና ወረወሩ። በዛፎቹ መካከል ለጥ ብሎ ሄደ፤ ሄደ፤ ራቅ ብሎ ሣሩ ላይ አረፈ።

"ሄደ!" ብለው ሲጮኹ ከቤተ ክርስቲያን የሚመለሱ ምእመናን ዞረው አዩአቸው።

"ለምን አሁን ሄደ?" አለች ጫልቱ።

"አላውቅም" አሉ። ከአፋቸው መውጣቱ ራሳቸውን አስደነገጣቸው። በመዝገብ ቤት "ነገ ና" ይባላል እንጂ "አላውቅም" አይባልም ነበር።

"አየሩ የተነሣውን ጠርዝ ሲገፋ ጅራቱ ዝቅ፣ አፍንጫው ቀና ይላል። ጠርዙ መነሣቱ ሲበዛ ደግሞ አፍንጫው ከልክ በላይ ቀና ይልና ፍጥነቱን ያጣል።"

"ግማሹ ገባኝ፤ ግማሹ አልገባኝም።"

"ተማሪዎቼ ሰኞ እንደዚህ ብለውኝ ቢወጡ ደስታዬ ነው።"

አቶ ዓምደ ሚካኤል አመስግነው ተሰናበቱ። ቤት ሲደርሱ ሀይማኖት ጠረጴዛ ላይ ተደፍታ ከመጽሐፍ ወደ ደብተሯ ትገለብጣለች። ከራሳቸው መሳቢያ ወረቀት አውጥተው አጠገቧ ተቀመጡና ማጠፍ ጀመሩ። ልጅቱ እርሳሷን ይዛ በጥርጣሬ ታያቸዋለች። ወረወሩት፤ ወደ ግራ ዞሮ ግድግዳ መታ።

"ሀይማኖት፣ ወደ ግራ ለምን ዞረ?"

"አያውቁትም?" አለች በቀስታ።

"አላውቅም። ያን ዕለት የቀደድኩብሽም ስለማላውቅ ነው፤ አጥፍቻለሁ።"

እውነት ነው፣ አንድ ወረቀት ትንሽ ነገር ነው። ነገር ግን ሙከራዋ ሲከሽፍ የማትደበቅ ልጅ ስህተቷን ራሷ ፈልጋ ታርማለች፤ የሰማችውንም ሳትመረምር አትቀበልም። አላውቅም ያለ ሽማግሌም ክብሩ አይጎድልም፤ ይልቁንም የሚጠይቀው ያገኛል።

ሀይማኖት አውሮፕላኑን አንሥታ አንድ ዓይኗን ጨፍና ከአፍንጫው በኩል አየችው።

"ይኼኛው ክንፍ ይሰፋል መሰለኝ። ቆይ ግን አባባ፣ ወፍ አንድ ክንፏ ቢሰፋስ?"

"እኔ እንጃ" አሉ አቶ ዓምደ ሚካኤል ደስታቸውን መደበቅ አቅቷቸው። "አንቺስ ምን ትያለሽ?"