ፓርላማው ሳይጠየቅ ሕግ እንዳይወጣ የጠበቁት ማዳም ኦዲል ራይተር

እኅታችን ማዳም ኦዲል ራይተር ከአባታችን ከሙሴ ማቲያስ ራይተርና ከእናታችን ከማዳም ካቲ ዌበር፣ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሊጀመር አንድ ዓመት ሲቀረው፣ በሞዜል ወንዝ ዳር በሬሚሽ ተወለዱ። በመነኮሳቱ ትምህርት ቤት ፈረንሳይኛና ጀርመንኛን አጥርተው ተምረው በሃያ አንድ ዓመታቸው ሉክሰምበርግ ከተማ በአውሮፓ አገሮች የጋራ ፓርላማ ጽሕፈት ቤት ተቀጠሩ።

ሕግ የሚያጸድቁት በዚያ ዘመን የአገሮቹ ሚኒስትሮች ነበሩ፤ የፓርላማውን አስተያየት የመቀበል ግዴታ ባይኖርባቸውም ሳይጠይቁ ማጽደቅ ግን አይችሉም። የእኅታችን ሥራ ፓርላማው ያየው ረቂቅና ሊጸድቅ የቀረበው ጽሑፍ አንድ መሆናቸውን መሥመር በመሥመር ማመሳከር ሲሆን፣ ፍሬ ነገሩ ተለውጦ ከተገኘ ፓርላማው እንደገና ይጠየቃል።

ከባቡር ሠራተኛው ከሙሴ ቪክቶር ታይስ ጋር ተጋብተው ማሪ-ጆዜንና ሬኔን ወለዱ። ባለቤታቸው «እኛ ቤት ድመቷም ሳትጠየቅ ወንበር ከቦታው አይነሣም» እያሉ ይተርቧቸው ነበር።

ሬኔ ኩፍኝ በያዘው ሳምንት፣ እኅታችን አዲስ ወይን መትከል የሚፈቅደውን ረቂቅ በችኮላ አይተው «ለውጥ የለውም» ብለው ፈረሙ። ሰኞ ደግመው ሲያዩት ግን ትንንሽ ማሳ ያላቸውን ገበሬዎች የሚከለክል አንቀጽ ተጨምሮበታል። ሰፊ የወይን ማሳ ስላላቸው አንቀጹ የማይነካቸው አባታችን ፈቃዱን ተማምነው ችግኝ አዘጋጅተው ነበርና፣ ይህን ሲሰሙ ከሬሚሽ ድረስ መጥተው «ችግኙ እናንተን አይጠብቅም፤ ዝም ብትዪ ማን ያውቃል?» አሏቸው። «እኔ አውቃለሁ፣ አባዬ» ብለው ስሕተታቸውን በገዛ እጃቸው ጽፈው ለአለቃቸው ሰጡ፤ የሚጠብቁት ዕድገትም ቀረ።

ፓርላማው እንደገና ተጠይቆ አንቀጹ ይውጣ አለ። ሚኒስትሮቹም ሰምተው፣ ረቂቁን ከነአንቀጹ አንዲት ቃል ሳይለውጡ አጸደቁት። ይህ እስኪሆን የተከላው ወራት አልፎ ችግኙ ደርቆ ነበርና አባታችን «ታዲያ ምን ፍለጋ ነው የቆየነው?» ብለው ከልጃቸው ጋር ሁለት ዓመት ተኳረፉ። እኅታችን በየእሑዱ ሬሚሽ እየሄዱ፣ ከእናታችን ጋር ወጥ ቤት ተቀምጠው ይመለሱ ነበር። ያ ጊዜ ሁላችንንም አሳዝኖናል።

በሦስተኛው ዓመት፣ ከወይን ለቀማው በኋላ፣ አባታችን ሳይታሰብ የልጃቸውን በር አንኳኩተው፣ ባርኔጣቸውን እንኳ ሳያወልቁ «የታችኛውን ማሳ ልሸጠው ነው፤ አንቺ ምን ትያለሽ?» አሉ። እኅታችን አይሸጥ አሉ። አባታችንም እስከ መጨረሻው አዳምጠዋቸው በሳምንቱ ሸጡት። ይህን በተረኩ ቁጥር እኅታችን እየሣቁ ዓይናቸው እንባ ይሞላና «ጠየቀኝ እኮ!» ይሉ ነበር።

በሳንባ ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆይተው በሰማንያ አራት ዓመታቸው ዐርፈዋል። የት መቀበር እንደሚፈልጉ ልጆቻቸው ሲጠይቋቸው ባለቤታቸው አስቀድመው ያረፉበትን የከተማውን መካነ መቃብር አልመረጡም፤ «አባቴ አጠገብ» አሉ እንጂ።

ሁለት ልጆች፣ አምስት የልጅ ልጆችና ይህን የሚያነብላችሁን ታናሽ ወንድማቸውን ትተውልን ሄደዋል። ቸሩ አምላክ ነፍሳቸውን በደጋጎቹ ማረፊያ ያኑርልን፤ አባትና ልጅንም ዳግመኛ በማይኳረፉበት ቤት ያገናኝልን።