ቀጠሮው ዝናብ ሲዘንብ ነው

ክብርት ወይዘሮ ሰሚሐ፣ የጽሕፈት ቤታችን ኃላፊ፤ ክቡራትና ክቡራን ባልደረቦቼ፤ እንዲሁም ከኋላ ወንበር ላይ የተቀመጣችሁ ሁለት እንግዶቼ፤

ከሁሉ በፊት ይህን የጡረታ ሽኝት ላሰናዳችሁልኝ ሁሉ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ይህ አዳራሽ እንዲህ አምሮበት አይቼው አላውቅም። ሌላ ቀን ለስብሰባ ወንበር ይጠፋል፤ ዛሬ ተርፏል። "ጋሽ ወልዴ የሚሄድ ከሆነማ" ብላችሁ ከየቤታችሁ ተሸክማችሁ ሳትመጡ አልቀራችሁም።

ስለ ጋቢውም አመሰግናለሁ። ጋቢ ጥሩ ነገር ነው። በባሕር ዳር ሙቀት ጋቢ የሚሰጠኝ ሰው ግን ወይ በጣም ይወደኛል፣ ወይ ደጋ ወጥቼ እንድቀርለት ይፈልጋል።

አዲስ ለመጣችሁ ራሴን ላስተዋውቅ። ወልደ ሐዋርያት እባላለሁ። እዚህ ቢሮ የሠራሁት ሥራ አንድ ነው፤ አከራይና ተከራይ ሲጣሉ መሃላቸው መቀመጥ። አንደኛው "ቤቴን አበላሸው፣ ኪራዬንም ከለከለኝ" ይላል። ሌላኛው "በፈረሰ ቤት አስቀምጦ ኪራይ ይጠይቀኛል" ይላል። ስንቱን ሰማሁ መሰላችሁ? አንድ ሰውዬ ግድግዳው ላይ ስለተመታች ምስማር ጠበቃ ይዞ መጥቶ ነበር። ተከራዩም ምስማሯን በጨርቅ ጠቅልሎ ለማስረጃ አመጣት። አገላብጬ አየኋት። ጥሩ ምስማር ነበረች።

ከዚህ ሁሉ ክርክር ምን ተማርሁ? በበጋ የጣሪያ ጉዳይ እንደማይሰማ ተማርሁ። በበጋ አከራይ ሁሉ "ጣሪያዬ ጠብታ አያሳልፍም" ብሎ ይምላል። ተከራይ ሁሉ "ክረምቱን አልጋዬ ላይ ስዋኝ ከረምሁ" ብሎ ይምላል። ሁለቱም የሚምሉት ደረቅ ኮርኒስ ሥር ቆመው ነው። እኔ ደግሞ መሐላ የምመዝንበት ሚዛን የለኝም። ስለዚህ ቀጠሮ እሰጣለሁ። ለመቼ? ዝናብ ሲዘንብ። ደመናው ከጣና ላይ ሲነሣ እኔ ጃንጥላዬን ይዤ እሄዳለሁ፤ እነሱም ይመጣሉ፤ ተጣልተንም ቢሆን አብረን ቁጭ ብለን ወደ ላይ እናያለን።

ወይዘሮ ሰሚሐ ኃላፊ ሆነው የመጡ ሰሞን ጠርተውኝ፣ "ጋሽ ወልዴ፣ ይህ 'ዝናብ ሲዘንብ' የሚሉት ቀጠሮ መቼ መሆኑ ነው?" አሉኝ።

"እሱን እኔም አላውቀው" አልኋቸው።

"ታዲያ ሪፖርቱ ላይ ምን ብዬ ልጻፈው?"

"በፈጣሪ እጅ ያለ ጉዳይ ይበሉት።"

"በፈጣሪ እጅ ያልሆነው ጉዳይ የትኛው ነው?" ብለው ሳቁ። ከዚያ ቀን ወዲህ ተስማምተን ኖርን።

ያልተስማማችው ኪዲ ናት። ኪዲን ታውቋታላችሁ፤ ፋይሎቻችንን ኮምፒውተር ውስጥ ያስገባችው፣ ከነገ ጀምሮ ደግሞ በእኔ ወንበር የምትቀመጠው ልጃችን ናት። "ጋሼ፣ ሲስተሙ ቀን ካልጻፍኩለት አይቀበለኝም" ትላለች። "ዝናብ በይው" እላታለሁ። "ቁጥር ነው የሚፈልገው" ትለኛለች። "እንግዲያው ሲስተምሽ ባሕር ዳር ኖሮ አያውቅም" እላታለሁ። በዚህ ስንጨቃጨቅ ምሳ ሰዓት ይደርሳል።

አሁን የመጨረሻውን ጉዳዬን ላውጋችሁ። ባለጉዳዮቹ እነዚያ ከኋላ የተቀመጡት እንግዶቼ ናቸው፤ አስፈቅጃቸዋለሁ። አንደኛዋ እትዬ ሉባባ ናቸው። ከሐይቁ ዳር ገባ ብሎ፣ ትልቅ ማንጎ ያለበት ግቢ አላቸው። ባለቤታቸው ሐጂ ሙሀመድዘይን ካረፉ ወዲህ የሚተዳደሩት ግቢው ውስጥ በሚያከራዩአት ክፍል ነው። ሌላዋ የብርጓል ናት፤ ልብስ ሰፊ። እዚያች ክፍል ትኖራለች፣ እዚያው ትሰፋለች።

ሚያዝያ ላይ፣ ሠርጉ በበዛበት ሰሞን፣ ያልታሰበ ዝናብ ጣለ። የብርጓል ገበያ ውላ ስትመለስ ግድግዳው ርሶ፣ የተሰቀለው የሙሽራ ቀሚስ ቡናማ ውሃ ጠጥቶ ጠበቃት። የሙሽራዋ ቤተሰቦች የጨርቁን ዋጋ ተቀበሏት። እሷም "ያጠፋው ቤቱ ነው" ብላ ኪራይ መክፈል አቆመች። እትዬ ሉባባ ገብተው ቢያዩ ቀለሙ ተልጧል፣ ልስኑ አብጧል። "ጣሪያዬ ደህና ነው፤ ይህ ያንቺ የካውያ እንፋሎትና የልብስ እጥበት ነው። ግድግዳዬን አድሰሽ፣ ኪራዬን ከፍለሽ ውጪልኝ" አሏት።

ነገሩ ቀላል አልነበረም። የብርጓል ከዚያ ከወጣች ደንበኞቿ አብረዋት አይወጡም፤ ሴቶቹ "ማንጎው ግቢ" ብለው ነው የሚመጡት። እትዬ ሉባባም ኪራዩ ከቀረባቸው የልጅ እጅ ማየታቸው ነው። ልጃቸው ኡበይዳ ወረታ ሱቅ አለው፤ "ቤቱን ሸጠሽ ወደ እኔ ነይ" እያለ ሲወተውታቸው ከርሟል። እሳቸው ደግሞ ሐጂ በእጃቸው የሠሩትን ቤት ጥለው የትም አይሄዱም። አያችሁት? ሁለቱም የተንጠለጠሉት በአንዲት ክፍል ላይ ነው፤ አንዷ ሌላዋን ብትለቅ ሁለቱም ይወድቃሉ።

ግንቦት ላይ ወደ እኔ መጡ። እንደ ልማዴ ቀጠሮ ሰጠሁ። ዝናቡ ደግሞ እንደ ልማዱ መምጣቱን ትቶ ቀረ። ጠዋት ጠዋት ደመናው በቁንዝላ በኩል ይሰበሰባል፤ ከሰዓት ብትንትኑ ይወጣል። ሁለቱ ሴቶች በአንድ ግቢ እየኖሩ ሰላምታ ተነፋፈጉ። እትዬ ሉባባ ይደውላሉ፤ "ወልደ ሐዋርያት፣ ዝናቡን የያዝኸው አንተ ነህ?" የብርጓል ትደውላለች፤ "ጋሼ፣ ጡረታዎ ከዝናቡ ቢቀድም ምን ይውጠኛል?"

እውነቱን ልናገር፤ እኔም ፈርቼ ነበር። ይህን ፋይል ሳልዘጋ ከዚህ ቢሮ መውጣት አልፈለግሁም። ደጅ ወጥቼ ሰማይ ሰማይ ሳይ ያየኝ ሰው እርሻ ያለኝ መስሎት ነበር።

ሰኔ ገባና አንድ ቀን ከሰዓት ሰማዩ ጠቆረ። "ኪዲ፣ ተነሽ" አልኋት። ባጃጅ ይዘን በረርን። ስንደርስ ማንጠባጠብ ጀምሯል። የብርጓል የስፌት መኪናዋን በላስቲክ ሸፍና፣ ግድግዳው ሥር ሳፋ ደቅና ትጠብቀናለች። እትዬ ሉባባም መጥተው ቁጭ አሉ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበው ጀመር፤ መደማመጥ አልተቻለም። አራታችንም ወደ ላይ አንጋጠጥን።

ምንም። አንዲት ጠብታ የለችም።

ቆየን። አሁንም ምንም። እትዬ ሉባባ ሻሻቸውን አስተካከሉና ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው፣ "አልሐምዱ ሊላህ። ነግሬህ አልነበር?" አሉኝ። የብርጓል አንገቷን ደፋች። እኔ በልቤ ዕቃዋን መጫን ጀመርሁ፤ የስፌት መኪናው በምን ይሄዳል፣ አልጋው የት ይገባል እያልሁ። ኪዲም ልትጽፍ እስክሪብቶዋን አወጣች።

መሄድ ግን የት ተችሎ? ዝናቡ ደጁን ዘግቶታል። የብርጓል ብድግ ብላ ቆሎ አመጣች። ተረትታም ቢሆን ቤቷ የገባ እንግዳ እንግዳ ነው። መጀመሪያ የዘረጋችውም ለእትዬ ሉባባ ነበር። እሳቸውም ትንሽ አመነቱና ዘገኑ። እኛም ቆሎ ቆረጠምን።

ያኔ ነው ግድግዳው ማልቀስ የጀመረው። ከኮርኒሱ ጥግ አንድ ቡናማ መስመር ወረደ፤ ሌላው ተከተለው። የብርጓል "ይኸው" አለች። እኔ ወደ እትዬ ሉባባ ዞርሁ። እሳቸው ግድግዳውን አላዩትም። ደጃፉ ላይ ቆመው የጣሪያውን ጠርዝ ነው የሚያዩት። የማንጎው ቅጠል አሸንዳውን ሞልቶታል። ውሃው መውረጃ ሲያጣ ወደ ኋላ ተመልሶ ከቆርቆሮው ሥር ይገባል። እስኪሞላ ጊዜ ስለሚፈጅበት ነው ያዘገየን።

"ሐጂ ግንቦት በመጣ ቁጥር መሰላል አቁመው ይጠርጉት ነበር" አሉ እትዬ ሉባባ። "እሳቸው ካረፉ ወዲህ መሰላሉን ያነሣው የለም። እኔም አላስነካሁት።"

ክቡራትና ክቡራን፣ እስቲ ፍረዱ። በዚያ ክፍል ውስጥ የዋሸው ማን ነው? ጣሪያው ደህና ነበር፤ እትዬ ሉባባ አልዋሹም። ውሃው የመጣው ከላይ ነው፤ የብርጓልም አልዋሸችም። ከቤቱ የጎደለው አንድ ሰው ነበር፤ ሁለቱም ስለ እሱ መጉደል ነበር ሲጣሉ የከረሙት። እኔ እንባዬ መጣ። አላፍርበትም፤ ኪዲም አልቅሳለች፣ እሷ ብትክድም።

የብርጓል ሄዳ አጠገባቸው ቆመች። "እትዬ፣ ቢነግሩኝ እኔ ወጥቼ አልጠርገውም ነበር?" አለቻቸው።

"አንቺ ደግሞ መሰላል ትወጫለሽ?"

"የረጅም ሙሽራ ቀሚስ የምሰቅለው ጠረጴዛ ላይ ወንበር ደርቤ አይደለም እንዴ።"

እትዬ ሉባባ ሳቁ። ከሚያዝያ ወዲህ በዚያ ግቢ ሳቅ ሲሰማ የመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም።

ስምምነቱን ኪዲ ጻፈችው። ያልተከፈለው ኪራይ ለተበላሸው ቀሚስ ማካካሻ ሆኖ ቀረ። የግድግዳውን ቀለም እትዬ ሉባባ ይገዛሉ፤ የብርጓል ትቀባዋለች። ውሉ ላይም አዲስ አንቀጽ ገባ፤ "በየዓመቱ ግንቦት ላይ አሸንዳው ይጠረጋል፤ መሰላሉን አከራይ ትይዛለች፣ ተከራይ ትወጣለች።" እንዲህ የሚል የኪራይ ውል ሌላ ቦታ ካያችሁ አሳዩኝ።

ይህን የለበስሁትን ኮት እያያችሁት ነው አይደል? ስፌቱ የየብርጓል ነው፤ ጨርቁን እትዬ ሉባባ ከኡበይዳ ሱቅ አስመጡት። ወይዘሮ ሰሚሐ፣ እንደዚያ አይዩኝ። የተለካሁት ጡረታዬ ከጸና በኋላ ነው፤ ኪዲ ምስክሬ ናት።

አሁን ደግሞ የምትስቁብኝን ልንገራችሁና ልጨርስ። ዘንዘልማ የሠራኋትን ቤት ታውቋታላችሁ። አንዷን ክፍል ሙአዊያ ለሚባል ወጣት መምህር አከራይቻለሁ። ባለፈው ሰሞን መጥቶ፣ "ጋሼ፣ ጣሪያው ያፈሳል፤ አልጋዬ በሰበሰ። እስኪሠራልኝ ኪራዩን ይዤዋለሁ" አለኝ።

እኔ ምን ብለው ጥሩ ነው? "የእኔ ጣሪያ ጠብታ አያሳልፍም። ውሃ የደፋኸው አንተ ትሆናለህ" አልሁት።

አዎ፣ እኔ። ዕድሜ ልኬን ከሰው አፍ ስሰማው የኖርሁትን ቃል ሳላጓድል አልሁት። ቤት ያለው ሰው አፉ እንዴት እንደሚፈጥን የገባኝ ያኔ ነው። ልጁ ጨዋ ነው፤ አልተሳደበም። ቀጥ ብሎ እዚህ ቢሮ መጣና አመለከተ። ኪዲም ትናንት መጥሪያውን በእጄ ሰጠችኝ፤ ፈርሜ ተቀበልሁ። ቀጠሮው ለመቼ ነው ብዬ ባነብ፣ "ዝናብ ሲዘንብ" ይላል።

"ሲስተሙ እንዴት እሺ አለሽ?" አልኋት።

"ሲስተሙን ትቼ በእጄ ጻፍኩት፣ ጋሼ" አለችኝ።

ከዚህ በላይ ስጦታ የለም፤ ጋቢው አይቀየመኝ። ኪዲ፣ ይህችን ጃንጥላ እንኪ። አንድ ሽቦዋ ተሰብሯል፤ በዚያ በኩል ባለጉዳይ አታስጠልዪ።

ለእናንተም ልመርቅ። ያከራያችሁ መልካም ተከራይ ይግባላችሁ። በኪራይ ያላችሁ ለራሳችሁ ደጅ ያብቃችሁ። ልጆቻችሁ በደረቅ አልጋ ይደጉ፤ ጎረቤታችሁ ሰላምታ አይንፈጋችሁ። ወይዘሮ ሰሚሐ፣ ሪፖርትዎ ይመርልዎ። ፈጣሪ ከጣናችን ውሃውን አያጉድል፤ ለእኛ ደግሞ ከቆርቆሮው በላይ ያቁምልን።

አሜን ካላችሁ በመስኮቱ ተመልከቱ፤ ከሐይቁ ላይ ደመናው ተነሥቷል። ሙአዊያ ይጠብቀናል፤ እኔም አሸንዳዬን አንድ ቀን ጠርጌው አላውቅ። እትዬ ሉባባ፣ ካላስቸገርሁዎ የሐጂን መሰላል ያውሱኝ።