አመዱ ሳይበርድ የወጣ ብርሌ

እኛ ጉልበት በነበረን ጊዜ፣ ልጆቼ፣ ደርግ ወድቆ ጥቂት ዓመት እንዳለፈ፣ እዚህ ቢቸና ብርሌ በእጅ ይሠራ ነበር ብላችሁ ታምናላችሁ? አትሳቂ አንቺ ጥሩወርቅ! የተሰበረ ጠርሙስ ከየጠጅ ቤቱ ለቅመን፣ አቅልጠን፣ በትንፋሽ ነፍተን ነበር የምንሠራው። ሦስት ነበርን። ዋናው አያ ደምሴ ነው፣ ሙያውን አዲስ አበባ ተምሮ የመጣ፣ በብረት ቱቦ የሚነፋው እሱ ነው። እኔ እሳቱን በወናፍ አነዳለሁ፣ ብርሌው ቅርጹን ሲይዝ ደግሞ በጉጠት ከቱቦው አላቅቃለሁ። ሦስተኛዋ ይታይሽ፣ የሸክላ ሠሪ ልጅ ናት፣ እና የእሷ ሥራ አመዱ ነው።

አመድ ስላችሁ እንዳትንቁት። ብርሌ ከእሳት ወጥቶ እንዲያው ነፋስ ላይ ከተቀመጠ ይሰነጠቃል፣ ያኔ ባይሰነጠቅም በኋላ ሲቀዳበት ይከፈላል። ስለዚህ ትኩስ አመድ በሞላ ጉድጓድ ይቀበራል፣ እና ቀስ እያለ፣ ቀስ እያለ እስኪበርድ ይጠበቃል። መብረዱን የምታውቅ ይታይሽ ብቻ ናት። ክንዷን እስከ ክርኗ አመዱ ውስጥ ታስገባና ዓይኗን ጨፍና ትቆያለች፤ "ገና ነው" ካለች ገና ነው፣ አያ ደምሴ ራሱ አይከራከራትም። አያ ደምሴማ አፉ ቱቦው ላይ ስለሆነ የሚያናግረን በእግሩ ነበር። መሬቱን አንዴ ሲመታ "እሳት ጨምር" ማለቱ ነው፣ ሁለቴ ሲመታ "ጉጠት!" ጧ! ጧ ጧ! ታዲያ ቃል ሳንለዋወጥ ውለን እንገባለን፣ እና እንዴት እንግባባ እንደነበር ብታዩ ትገረማላችሁ።

ታዲያ አንድ የሞጣ ነጋዴ ልጁን ሊድር ሠላሳ ብርሌ አዘዘን። ሠራን፣ ቀበርን። በማግስቱ አያ ደምሴ ለለቅሶ ወደ የጁቤ ሄደ፣ ይታይሽም እናቷ ታማባት ልትጠይቅ ተነሣች። ስትወጣ፣ "አያ ሙሉነህ፣ አደራህን አመዱን እንዳትነካብኝ፣ ነገ ጠዋት መጥቼ እኔ ራሴ አወጣዋለሁ" አለችኝ። "እሺ" አልኳት። እሺ ብያታለሁ እኮ!

እሷ ከወጣች በኋላ የነጋዴው ወንድም በመኪና ከች አለ። "ብርሌው የታለ?" "ነገ ጠዋት ይወጣል።" "ሠርጉ ከነገ ወዲያ ነው፣ መኪናው ዛሬ ይመለሳል፣ ምን ይሁን ነው የምትለው?" "ይታይሽ ካላየችው አይወጣም" ስለው ሳቀብኝ። "ወይ ጉድ! ባለሙያው አንተ ነህ ወይስ የሸክላ ሠሪዋ ልጅ?" አለኝ። ደሜ ፈላ። እጄን ከተትኩ። ይሞቃል። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ይሞቃል! እና "በርዷል" አልኩት። አወጣሁት፣ በገለባ ጠቀጠቅነው፣ ወሰደው።

በማግስቱ ይታይሽ መጣች፣ ጉድጓዱ ውስጥ አመድ ብቻ አገኘች። እጇን አመዱ ውስጥ አስገባች፣ ቆየች። "አያ ሙሉነህ፣ ይህን ለአያ ደምሴ ንገረው፣ ብርሌው ሳይቀዳበት ይወቅ" አለችኝ። "እነግረዋለሁ" አልኩ። አልነገርኩትም። አንዱም ሳይሰበር ሞጣ ገብቷል ሲሉኝ ተረፍኩ ብዬ ነው።

ታዲያ የሠርጉ ዕለት ሦስታችንም ተጠርተን ሞጣ ሄድን፣ ከቢቸናም ብዙ ሰው ነበር። ሙሽሮቹ ገቡ፣ እልልታው ቀለጠ፣ ጠጁ ተቀዳ፣ እና ቀጭ! የአንድ ቄስ ብርሌ እጃቸው ላይ ለሁለት ተከፈለ፣ ጠጁ ጋቢያቸው ላይ ፈሰሰ። ሳቅ ሆነ። ወዲያው ሌላው ቀጭ! ደግሞ ሌላው። ሳቁ ጠፋ። አንዲት ሴት ብድግ ብላ፣ "ኧረ በስመ አብ! ይሄ ዓይን ነው እንጂ ሌላ አይደለም!" አለች። "የማን ዓይን?" "ያቺ የሸክላ ሠሪዋ ልጅ አይደለችም እንዴ እዚያ ጥግ የተቀመጠችው?" ዳሱ ሁሉ ዞሮ ይታይሽን አያት።

አያ ደምሴ ተቆጣ። "የምን ዓይን ነው! አመዱ ሳይበርድ ወጥቶ ነው! ማነው ያወጣው?" ብሎ ወደ እኛ ዞረ። አንድ ቃል ነበር የሚበቃው፣ "እኔ" ማለት። እኔ ግን ጮክ ብዬ፣ ሁሉ እንዲሰማ ጮክ ብዬ፣ "አመድ የእሷ ሥራ ነው" አልኩ። ውሸት ነው? አይደለም፣ አመድ የእሷ ሥራ ነው! እንዲህ እያልኩ ስንት ዓመት ራሴን አታለልኩ መሰላችሁ። ይታይሽ አየችኝና ነጠላዋን ሰብስባ ወጣች፣ ሰዉም ልብሷ እንዳይነካው እየሸሸ አሳለፋት።

ከዚያ ወዲያ ተመልሳ አልመጣችም። አያ ደምሴ ሁለቴ ሽማግሌ ላከባት፣ እምቢ አለች። አመዱን እኔ ያዝኩት፣ ግማሹ ይሰበራል፣ ሌላ ሰው ያዘው፣ ያው ነው። አያ ደምሴም ተስፋ ቆርጦ ቱቦውን ይዞ አዲስ አበባ ተመለሰ። እኔ የማፍረው ግን ሥራው ስለቀረ አይደለም፣ እሷ በሄደችበት ሁሉ ያ የቡዳነት ስም ስለተከተላት ነው፣ ለልጆቿ ሳይቀር።

ብዙ ዓመት ቆይቼ ገበያ ላይ ሸክላ ስትሸጥ አገኘኋት። ጎንበስ ብዬ በጆሮዋ፣ "ይታይሽ፣ በድዬሻለሁ፣ ይቅር በይኝ" አልኳት። ቀና ብላ አየችኝ። "አያ ሙሉነህ፣ ያኔ ዳስ ሙሉ ሰው እየሰማ ነው የተናገርከው። ይቅርታው ሲሆን ለምን ታንሾካሹካለህ?" አለችኝና ወደ ገበያተኛዋ ዞረች። እኔም አንገቴን ደፍቼ ወደ ቤቴ ሄድኩ፣ ልጆቼ።

የአያ ሙሉነህ የልጅ ልጅ ጥሩወርቅ፣ "አባባ፣ እትዬ ይታይሽ በሕይወት አሉ?" አለቻቸው።

"አለች። ከገበያው በታች ነው ቤቷ።"

"ሠርጉ ላይ የነበሩት የቢቸና ሰዎችስ?"

"ብዙዎቹ የማኅበራችን ሰዎች ናቸው። በየወሩ እንገናኛለን።"

"ለእነሱ ነግረዋቸዋል?"

"ለእናንተ ነገርኳችሁ እኮ።"

"ለእኛማ ምን ያደርጋል አባባ? እኛ ዳሱ ውስጥ አልነበርንም።"