የአንድ ቀን ማቆያ

ሲስተርዬ፣ እንዴት አደርሽ? ነይ፣ አረፍ በይ፣ ይቺ ወንበር ባዶ ናት። አየሩ ዛሬ ደስ ይላል አይደል? መስኮቱን ከፈትኩት። በሩንም ከፈትኩት... ኮሪደሩ ማዶ ላለውም የኮምፒውተር ባለሙያ ነፋስ ይድረሰው ብዬ።

እኔማ ከጠዋት ጀምሮ እየጻፍኩ ነው። የሕፃናቱን የክትባት ካርድ፣ አንድ በአንድ፣ ወደ ኮምፒውተሩ። ሦስት ሺህ ሁለት መቶ ሕፃን ነው፤ መቶ አርባ ደርሻለሁ። ምን አስቸኮለኝ? ጣቴም ይፍታታልኛል።

የድሮው መዝገብ የት ሄደ ትይኛለሽ? አይ ሲስተር... ንጹሕ ሰው ባለበት ቤት ዕቃ ይከማቻል እንዴ? መዝገቡ በኢንተርኔት የሚቀመጥበት፣ ክላውድ የሚሉት ላይ፣ የተሰረዘ ነገር ሰባት ቀን ይቆይልን ነበር። በሰባት ቀን ውስጥ «ተሳስቻለሁ» ያለ ሰው በአንድ መስመር ትዕዛዝ ይመልሰዋል። አንዳንድ ሰው ታዲያ ኮተት አይወድም፤ ሰባቱን ቀን አንድ ቀን አደረገው። ቦታ ቆጠብኩ ብሎ በስብሰባ ላይ ሲናገር አጨብጭበንለታል፣ አንቺም ነበርሽ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባል የለ? እሱ ምኑ ሞኝ ነው... በማግስቱ ይለቃል።

ረቡዕ ጠዋት የሙከራ ሰንጠረዥ መስሎት የልጆቹን ሰረዘው። ይሁን፣ ሰው ነው፤ እኔስ ስንቱን ስም አሳስቼ ጽፌ የለ? ደግሞ ወዲያው ነው ያወቀው። ፊቱ ልውጥ ሲል በመስታወቱ አየሁት፤ አመመው ብዬ ውሃ ወሰድኩለት። አመስግኖ ጠጣ። ምን ሆነ ስንለው «ኔትወርክ ነው» አለ። ከሰዓትም ኔትወርክ ነው። ወደ ቤቱ ሲሄድም... ኔትወርክ። ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው ብሎ ይሆናላ ቃሏን ያልለቀቃት። አንቺ ብትሆኚ ይቻልሽ ነበር? ይህን ያህል ትዕግሥት የት ይገኛል?

ሐሙስ ከሰዓት ተናገረ። አንዱ ቀን እንዳለቀ፣ ልክ በሰዓቱ። የክላውዱ ሰዎች ምን ብለው መለሱ መሰለሽ? «ትናንት ብትነግሩን ኖሮ።» ትናንት ውሃ እየጠጣ ነበር እኮ፣ ማን ይንገራቸው?

ደግነቱ አብዛኞቹ እናቶች ካርዱን ይዘዋል። ያቺ የመንታዎቹ እናት ብቻ... አንደኛው የሁለቱንም ካርድ አኝኮ ጨርሶታል። የትኛው ምን እንደተከተበ እሷም አታውቅ፣ እኔም አላውቅ። አንቺ መርፌውን ይዘሽ ፊታቸው ስትቆሚ ምን ልታደርጊ ነው? ተናድጃለሁ ሲስተር፣ አልዋሽሽም። በእሱ እንዳይመስልሽ... በኔትወርኩ ነው።

ድምፅሽን ቀንሺ ትይኛለሽ? ለምን? ሰው ሲመሰገን ይደበቃል? ... ይኸው፣ የማዶው በር ተዘጋ። ነፋሱ ይሆናል።

ብቻ እግዜር ዕድሜና ጤና ይስጠው። ክፉ አይንካው። አያድርገውና መንገድ ላይ ራሱን አዙሮት ቢወድቅ እንኳ፣ ቀድሞ የሚያየው እንደኔ ያለ ለፍላፊ ይሁንለት... እንደ እሱ ያለ ጨዋ አይግጠመው። አሜን በይ እንጂ፣ ሲስተርዬ።